«ከተጻፈ አይቀርም»፦ የአራት ወር የነፃ ፈቃድ ንባቤ

ጥቅምት ላይ ስጀምር በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ የጻፍኩት ጥያቄ «ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ ሰውን ለምን እንወቅሳለን?» የሚል ነበር። ዛሬ ገጹን ስገልጠው «የተወሰነ» የምትለዋ ቃል እንዴት እንደሸወደችኝ ይገርመኛል።

ዲተርሚኒዝምን፣ ማለትም ሁሉም ነገር ከቀደሙት ምክንያቶችና ከተፈጥሮ ሕግጋት ተከትሎ የሚመጣ ነው የሚለውን ሐሳብ፣ ከዕጣ ፈንታ ጋር አንድ አድርጌ ይዤው ነበር። ያደግኩት «ከተጻፈ አይቀርም» ሲባል እየሰማሁ ነው፤ አክስቴ ሐኪም ቤት ሂጂ ስትባል መልሷ ይኸው ነበር። ለካ የአክስቴ ክርክር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው! ሮማዊው ሲሴሮ «የሰነፍ ክርክር» በሚል ስም መዝግቦታል፦ መዳንህ የተወሰነ ከሆነ ሐኪም ጠራህ አልጠራህ ትድናለህ፤ አለመዳንህ ከተወሰነም ብትጠራም አትድንም፤ እንግዲያው ሐኪም መጥራት ከንቱ ድካም ነው። ስቶይክ ከሚባሉት የጥንት ግሪክ ፈላስፎች ወገን የሆነው ክሪሲፐስ የመለሰውን እስካሁን እወደዋለሁ፦ መዳንህ ከተወሰነ፣ ሐኪም መጥራትህም አብሮ ተወስኗል። የእኔ ድርጊት ራሱ ከሰንሰለቱ ቀለበቶች አንዱ ነው ማለት ነው። ዕጣ ፈንታ «ብታደርግም ባታደርግም» ይላል፤ ዲተርሚኒዝም ግን «ስለምታደርግ» ነው የሚለው። ይህችን ለመለየት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ጀማሪዎች፣ እዚህ ጋ አትቸኩሉ።

ኅዳር በአንጎል ተመራማሪው ቤንጃሚን ሊቤት ሙከራ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ውጤት፣ ሰዎች የእጅ አንጓቸውን ለማንቀሳቀስ «አሁን ፈለግኩ» ከሚሉበት ቅጽበት በፊት የአንጎላቸው ዝግጅት ጀምሮ ተገኘ። ዝግጅቱ ከእንቅስቃሴው 550 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቀድማል፤ ፈቃዱ የሚታወቃቸው ግን 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀር ነው። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ያለምክንያት አንጓን ማጠፍ ሰው ከሚጠየቅበት ውሳኔ ጋር ምን ያገናኘዋል? አለፍኩት።

ታኅሣሥ ላይ ግን ተጣበቅኩ። «ሌላ ማድረግ ካልቻለ አይጠየቅም» የሚለውን ያለጥያቄ ተቀብዬ ነበር የመጣሁት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ያመጣው አንድ ምሳሌ አለ። ሰውዬው ተኝቶ ሳለ ተሸክመው አንድ ክፍል ያስገቡታል፤ በሩን ይቆልፉበታል። ሲነቃ ሊያገኘው ሲመኝ የኖረውን ወዳጁን አጠገቡ ያገኛል፤ ደስ ብሎት ጨዋታ ይይዛል። በሩ መቆለፉን አያውቅም። መውጣት አይችልም፤ የቀረው ግን በፍላጎቱ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ1969 ቁልፉን ወደ ሰውዬው አእምሮ አስጠጋው። አንድ ተንኮለኛ አድፍጦ ይጠብቃል፤ ሰውዬው ወደ ሌላ ውሳኔ ካዘነበለ ጣልቃ ገብቶ ሊያስገድደው። ሰውዬው ግን ክፋቱን በራሱ ወስኖ ይፈጽማል፤ ተንኮለኛው ጣቱን እንኳ አላነሳም። ሌላ መንገድ አልነበረውም። አይጠየቅም ልንል ነው?

ሐሙስ ማታ ስንገናኝ ከንባብ ቡድናችን አንዷ «ታዲያ ማዘንበሉ ራሱ ሌላ አማራጭ አይደለም ወይ?» ብላ ክርክሩን በአንድ ጥያቄ አናወጠችው። ፈላስፋው ጆን ፊሸር ይህን «የነፃነት ብልጭታ» ብሎ እንደሚጠራው ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የእሱ መልስ ብልጭታዋ ተጠያቂነትን ለመሸከም ታንሳለች የሚል ነው። እኔም ወደዚያው ነኝ፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለችኝም።

በዚያው ሰሞን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንን አንቀጽ 48 ከፍቼ አየሁ። ኃላፊነት የማይኖረው በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በመሳሰለው ምክንያት የሚያደርገውን ለመረዳት ወይም እንደተረዳው ራሱን ለመቆጣጠር ያልቻለ ሰው ነው። መረዳትና ራስን መግዛት፤ ስለ ተፈጥሮ ሕግጋት የጠየቀው ነገር የለም።

ጥር ላይ ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። «ማንም በምንም አይወቀስም» ብዬ ለአንድ ሳምንት በዚያ ልኖር ወሰንኩ። በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሜ ላፕቶፔ ላይ ሻይ ደፋበት። እንደ ፈላስፋ ዝም አልኩ፤ ኮራሁም። ማታ ነው ጉዱ የወጣው፦ ሻዩ የተደፋው በዋዜማው ኖሮ፣ ጠራርጎ ቦርሳ ውስጥ ከትቶት፣ ስከፍተው አጠገቤ ቆሞ እንዳሁኑ እያስመሰለ ሌላ ብርጭቆ ደፍቶበታል። ጮህኩበት! ጉዳቱ ያው አንድ ላፕቶፕ ነው፤ ከጠዋቱ የተለየው ለእኔ ያሳየው ንቀት ብቻ ነበር።

ፈላስፋው ፒተር ስትሮሰን እ.ኤ.አ. በ1962 የጻፈው ይህንን ነው። ሰው እጄን ሳያውቅ ቢረግጠውም ሆን ብሎ ቢረግጠውም ሕመሙ እኩል ሊሆን ይችላል፤ ቂሙ ግን ለየቅል ነው። ቂም፣ ምስጋና፣ ይቅርታ በሰዎች መካከል የመኖር አካል ናቸው፤ አንድ ንድፈ ሐሳብ እውነት ሆነ ብለን አውልቀን የምንጥላቸው አይደሉም ይላል። ከወንድሜ ጋር ከታረቅን በኋላ ደግሜ ሳነበው ሌላ ጽሑፍ ሆነብኝ። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ቂምን መተው አለመቻሌ፣ ቂሜ ተገቢ መሆኑን አያሳይም።

አሁን ያለሁት የፒተር የገዛ ልጁ የጌለን ስትሮሰን ክርክር ላይ ነው፤ አባትና ልጅ በአንድ ጥያቄ ሲለያዩ ማየት ደስ ይላል። ልጁ የሚለው፦ የምታደርገውን የምታደርገው እንዲህ ያለ ሰው ስለሆንክ ነው፤ ለድርጊትህ በመጨረሻ እንድትጠየቅ እንዲህ ላደረገህ ነገርም መጠየቅ አለብህ፤ ለዚያ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው አንተ... መቆሚያ የለውም። ሁለተኛው እርምጃ ላይ «በመጨረሻ» የምትለዋ ቃል አጠራጥራኛለች፤ ጥቅምት ላይ «የተወሰነ» እንዳደረገችኝ እንዳታደርገኝ ደብተሬ ላይ አክብቤባታለሁ። ለመጪው ሐሙስ ይህንኑ ይዤ እመጣለሁ፤ ያለፈበት ካለ ቀድሞ ይጻፍልኝ።