ታይተስቪል ላይ እልል ያልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የልጅነት ጓደኛዬ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። «አንቺ ፍሎሪዳ አይደለሽ እንዴ? ሰው የጫነ ሮኬት ሲነሳ ከበረንዳሽ ታያለሽ አሉ። ታድለሽ!» አለች። ከዚያ ጥያቄዋን አዘነበችው። ስንት ይከፈላቸዋል? ሐበሻ አለበት? መግቢያው ስንት ነው? መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ «ሰዉ ሲያየው ምን ይላል? ያለቅሳል ወይስ ይጨፍራል?» አለችኝ።

የፊተኞቹን በአጭሩ መለስኩላት። ወንዝ ዳር ቆሞ ለሚያይ መግቢያ የለውም። ሰማዩ ጥርት ካለ ኦርላንዶ ካለው ቤቴም እሳቱ ይታያል። የመጨረሻው ጥያቄዋ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። ሰዉ ምን እንደሚል በዓይኔ ያየሁበትን ቀን በስደት ኑሮዬ አልረሳውም።

ግንቦት 2012 ዓ.ም. ነው። ኮሮና ሆቴሉን ሁሉ ዘግቷል። አልጋ የማነጥፍበት ሆቴልም «እንጠራሻለን» ብሎ ከመጋቢት ጀምሮ ቤት አስቀምጦኛል። የሥራ አጥ ድጎማውን ለማግኘት ስልክ ይዤ ስጠብቅ ነው የምውለው። አገሩ ግን በአንድ ወሬ ተይዟል። አሜሪካኖች ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰው ከገዛ መሬታቸው ሰማይ ላይ ወዳለው የጠፈር ጣቢያ ልከው አያውቁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠፈርተኞቻቸው ሶዩዝ በምትባል የሩሲያ መንኮራኩር፣ ከካዛክስታን ነው ሲሳፈሩ የኖሩት። አሁን ቦብ ቤንከንና ዳግ ሀርሊ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ድራገን በምትባል አዲስ መንኮራኩር ሊሄዱ ነው።

ግንቦት 19 ቀን ከደባሌ ጋር ሄድን። ታይተስቪል የምትባለው ከተማ ከእኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ነች። ወንዙ ዳር ሰዉ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ የፀሐይ ቅባቱን ተቀብቶ፣ ሳንድዊቹን እየበላ ይጠብቃል። ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ መጥተዋል። ሊነሳ 16 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሲቀረው በመብረቅ ስጋት ተሰረዘ። ደባሌ ተናደደች። «ትንሽ ቢታገሱ ምን አለበት? ደመናው እኮ እያለፈ ነው!» አለች። መታገስ አይቻልም ነበር። የሚሄዱበት የጠፈር ጣቢያ በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበረው። መነሻዋ ሰከንድ ካመለጠች አለቀ። እኛ ሁለት ሰዓት ተቀጣጥረን ሦስት ሰዓት የምንገናኝ ሰዎች ይህ አይዋጥልንም። ፈረንጆቹ ግን አንድም ቃል ሳይናገሩ ወንበራቸውን አጥፈው ሄዱ። እኔ ቢያንስ «ኤጭ!» የሚል ሰው ፈልጌ ነበር።

ግንቦት 22 ቀን ደባሌ ሥራ ስለነበራት ብቻዬን ሄድኩ። ዋናው መናፈሻ ሰው ሞልቶት ስለነበር ከከተማው ወጣ ብዬ፣ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የቆሙበት የወንዝ ዳር አገኘሁ። ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። ጆርጅ ፍሎይድ የሚባል ጥቁር ሰው ሚኒያፖሊስ ላይ በነጭ ፖሊስ ከተገደለ አምስት ቀኑ ነው። በየከተማው ሰልፍ ነው። ያን ሳምንት መኪና ስነዳ እንኳ እጄ መሪው ላይ ጥብቅ እያለ ነበር። ስለዚህ ማስኬን አድርጌ፣ ከሰዉ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

9፡22 ሲሆን፣ በእነሱ አቆጣጠር 3፡22፣ ከወንዙ ማዶ ብርሃን በራ። በቴሌቪዥን ቀይ እሳት ነው የሚመስለው። በዓይን ሲያዩት ግን ብየዳ ነው፤ ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ። ውሃው ላይም አብሮ በራ። ሮኬቱ ቀስ ብሎ ሲነሳ ምንም ድምፅ የለውም። ቦታው 19 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ድምፁ እኛ ጋ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያ ነገር ሰው ይዞ ሲወጣ ሳይ ሆዴ ተላወሰ። አሰብኩበትም አልልም። ማስኬን አወረድኩና አቀለጥኩት።

እልልልል!

አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ደንግጣ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ ወጣት «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። ከፊቴ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ አርባውን ያለፈ ሰውዬ ደግሞ ዞር ሳይል እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። መዳፉን ከፍቶ፣ ልጅ ዝም እንደሚያሰኙት። «ሽሽሽ! ገና ነው፣ ገና!» አለኝ።

እንባዬ መጣ። በዚያ ሳምንት አንድ ነጭ ሰው እጁን ዘርግቶ ዝም በይ ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ እዚህ አገር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። አገሬ ቢሆን ይህ እልልታ አሥር እልልታ ያስከትል ነበር። እዚህ አምቡላንስ ሊያስጠራብኝ ነው። ወደ መኪናዬ ዞርኩ።

ያኔ ድምፁ ደረሰ። መጀመሪያ ደረቴ ላይ ነው የተሰማኝ። ቀጥሎ የመኪናዬ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እሳት ውስጥ እንደገባ እርጥብ እንጨት ይንጣጣል፣ ግን ሰማይ የሚያክል እንጨት። ዞሬ ሰውዬውን አየሁት። ወደ ላይ አንጋጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረ ነው። ትንሽ ቆየና ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ፤ ማጨብጨብ ጀመረ። ፊቱ በእንባ ርሷል። ሌሎቹም ያኔ ጮኹ። ያቺ ልጇን የሳበችው ሴትዮ ራሷ ትዘላለች።

ኋላ ወደ እኔ መጣና ራቅ ብሎ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ቻሌንጀር የምትባለው መንኮራኩር ሰው እንደጫነች የፈነዳች ዕለት፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1986፣ የዘጠኝ ዓመት ተማሪ ነበር። ፍሎሪዳ ያን ዕለት ክፉኛ በርዶ ነበር አለኝ። አስተማሪ የተሳፈረችበት ስለነበር እነሱም ትምህርት ቤት ግቢ ወጥተው እያዩ ነው። በ73ኛው ሰከንድ ጭሱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ልጆቹ እንደዚያ የሚደረግ መስሏቸው አጨበጨቡ። እሱም አጨበጨበ። ሰባት ሰው እየሞተ መሆኑን ያወቁት የመምህራቸውን ፊት ሲያዩ ነው። «ከዚያ ወዲህ ሰው ከተሳፈረበት 73 ሳይሞላ አላጨበጭብም» አለኝ።

ከየት ነሽ ሲለኝ ከኢትዮጵያ አልኩት። የእኛም ሳተላይት ከአምስት ወር በፊት፣ ታኅሣሥ 10፣ ከቻይና እንደመጠቀች ነገርኩት። በኩራት ነው የነገርኩት። አልሰማም ነበር። «ሰው ነበረባት?» አለኝ። የለባትም አልኩት። «እንደሱ ከሆነ እኔም አብሬሽ እጮህ ነበር» አለ።

ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ያ የተዘረጋ መዳፍ ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ፤ ውሸት አልናገርም።

ማታውን፣ ደብረ ብርሃን ሊነጋ ሲል፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። ይህ ሰው እንዴት እንዳሳፈረኝ ነግሬ ልታዝንልኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን፣ «ምነው ልጄ፣ ለሚሄድ ሰው እልል ይባላል እንዴ? ደግ አደረገ» አለችኝ። ከዚያ ስለ ሁለቱ ሰዎች ጠየቀችኝ። ልጅ አላቸው? አላቸው፣ አንዳንድ ወንድ ልጅ። ሲሰናበቱ አቀፏቸው? በኮሮና ምክንያት ከሩቅ፣ አየሩን ነው ያቀፉት። ሚስቶቻቸው ምን አሉ? ሁለቱም ሚስቶች ራሳቸው ጠፈርተኞች ናቸው። «እንግዲያማ ጭንቀቱን ያውቁታል» አለች።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዲቪ የደረሰኝ ጊዜ ሰፈሩ በእልልታ ሲናወጥ፣ አክስቶቼ ሲጨፍሩ፣ እናቴ ጓዳ ገብታ ቡና ስትወቅጥ ነበር። ቦሌ ስትሸኘኝም አንድ ቃል አልወጣትም። ደስ ያላላት መስሎኝ ለዓመታት ቅር ብሎኝ ኖሬያለሁ።

ለመምጣት የምታስቡ እህትና ወንድሞቼ፣ በተለይ በደላላ፣ በሊቢያ ወይም በጀልባ ወደ የመን ለመውጣት የተነሳችሁ፣ ይህን ስሙኝ። እነዚህ ሁለት ሰዎች የተሳፈሩባት ድራገን አደጋ ቢመጣ ከሮኬቱ ነጥለው የሚያስፈነጥሯት ስምንት ሞተሮች አሏት። ለመመለሻዋ ደግሞ አራት ትልልቅ ጃንጥላዎች አሏት። ማምለጫውና መመለሻው ተሠርቶ ያለቀው ሳይነሱ ነው። በሬ አሽጦ የሚያስኬዳችሁን ሰው እስቲ ጠይቁት፤ መንገዱ ቢበላሽ በምን ነው የምመለሰው በሉት። መልስ የለውም። ቤተሰብም ልጁ ድንበር ሳያልፍ ድግስ አይደግስ። በሕጋዊ መንገድ ለምትመጡም ቢሆን፣ የመመለሻ ትኬት የሚያህል ገንዘብ ማንም የማይነካው ቦታ አስቀምጡ። እኔ አላስቀመጥኩም፤ ሆቴሉ ሲዘጋ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ፌስቡክ ላይ ከሮኬት ጋር የተነሳሁትን ፎቶ አይታችሁም ታድላ አትበሉ። ፎቶው የአንድ ቀን ነው። የቀረውን ቀን አንሶላ ስቀይር ነው የምውለው።

እናቴ ከዚያ ወዲያ በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ሁለቱ ሰዎች ሆነ። «ልጆቹ ገቡ?» ትላለች። አልገቡም እላታለሁ። «እመብርሃን ትርዳቸው» ትላለች። ሰኔ አለፈ።

ሐምሌ 26 ቀን፣ በ64ኛው ቀናቸው፣ ፔንሳኮላ አጠገብ ባሕር ላይ በሰላም አረፉ። እዚያው ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ልጆቹ ገቡ።»

«ገቡ? ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ስልኩን የሆነ ነገር ላይ ስታስቀምጠው ተሰማኝ። ከዚያ እልልታዋ መጣ፤ ረጅም፣ መሐሉ ላይ በሳል የተቆረጠ፣ እንደገና የቀጠለ። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ሲላት ይሰማኛል። ስልኩን መልሳ አነሳችውና ትንሽ ዝም አለች። እኔ የሄድኩት በ2007 ነው።

«አንቺስ?» አለችኝ።