ቁርጥ እናትሽን

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያቺን መጻፍ የጀመርኳትን አስፈሪ አጭር ልቦለድ ከፈትኳት። እማዬ ካረፈች ስምንት ወሯ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ እናቷን ትቀብራለች። ሠልስት ወጥቶ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ እጇን ስትታጠብ አውራ ጣቷ ላይ የማታውቀው ጠባሳ ታያለች። የእናቷ ጠባሳ ነው፤ ጎመን ስትከትፍ ቢላ የቆረጣት። በሳምንቱ የጣቶቿ አንጓ አብጦ ቀለበቷ አልወጣ ይላል። በአርባው ስታስል የምትሰማው የእናቷን ሳል ነው። ሊያጽናናት የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን «ቁርጥ እናትሽን!» እያለ ያቅፋታል።

እኔንም እንደዚያ ሲሉኝ ነው የሰነበቱት። በፍቅር ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ፤ ግን በሰማሁት ቁጥር መስታወት ፊት እሄዳለሁ።

ሐዘን ገላ ላይ እንደሚወጣ እኛ አገር ማን ያጣዋል? ድሮ ፊት ይነጭ፣ ፀጉር ይላጭ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደረቷን ስትመታ ሰንብታ፣ ገላዋን ሳጥባት አጥንቷ ላይ እንደ በለስ የጠቆረ ነገር አየሁ። እሷ ምንም አላለችም፤ እኔም ዝም ብዬ ውሃ አፈሰስኩላት።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ የመጀመሪያ ልጇ ስትሞትባት 17 ዓመቷ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 1815 ነው፤ ሕፃኗ ያለጊዜዋ ነበር የተወለደችው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይታ ማስታወሻዋ ላይ ሕልሟን ጻፈች፦ ልጅቷ ለካ በርዷት ኖሯል፣ እሳት ዳር ሲያሿት ነፍስ ዘራች። ስትነቃ ልጅ የለም። ከሬሳ ተሠርቶ ነፍስ ስለዘራ ፍጡር የጻፈችው «ፍራንከንስታይን» የተባለው አስፈሪ ልቦለድ የታተመው በ1818 ነው። ሰው የሚያወራው ስለዚያ ፍጡር ነው፤ እኔ ግን እሳት ዳር የሚያሹት እጆች ናቸው ዓይኔ ላይ የቀሩት።

የእኔ ታሪክ መጨረሻው ነበር ያስቸገረኝ። መጀመሪያ ልጅቷ ሙሉ በሙሉ እናቷን ሆና ትጠፋለች ብዬ ጽፌው ነበር። ሳነበው ምንም አላስፈራኝም። እንዲያውም ቀናሁባት።

ባለፈው ሳምንት የእማዬን ጋቢ ከሻንጣ አውጥቼ አሸተትኩት። የሸተተኝ የራሴ ሳሙና ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሌሊት መጨረሻውን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት። ልጅቷ ጠዋት ተነስታ እጇን ታያለች። ቀለበቷ በቀላሉ ይወጣል። ጠባሳው ሳስቷል። ኩሽና ገብታ ከሰል ታያይዛለች፣ ምድጃው ዳር በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች፣ አውራ ጣቷን ማሸት ትጀምራለች።