መሳሪያ አስረክቡ ሲባል ማነው የሚያስረክበው?

መሳሪያ ይሰብሰብ በተባለ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው፣ "ወንጀለኛው መች ያስረክባል፣ ባዶ እጁን የሚቀረው ሰላማዊው ሰው ነው" ይባላል፣ እውነት አለው ግን ግማሹን ነው የሚያየው። አውስትራሊያን እዩ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ፖርት አርተር ላይ አንድ ሰው 35 ሰው ከገደለ በኋላ መንግስት ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችን (ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ተኩሰው ቀጣዩን ጥይት ራሳቸው የሚያጎርሱትን) ከለከለ፣ ዝም ብሎ አምጡም አላለም፣ ካሳ እየከፈለ ነው የሰበሰበው፣ ወደ 650 ሺህ ገደማ መሳሪያ ገብቶ ወደመ።

ብዙ ሰው የማያነሳው ደግሞ ራስን ማጥፋት ነው። በመሳሪያ ከሚሞተው ሰው ቀላል የማይባለው በገዛ እጁ ነው የሚሞተው፣ እና ያ ክፉ ሰዓት ሲመጣ ጠመንጃው አልጋ ስር ከሌለ ሰዓቷ ልታልፍ ትችላለች።

ሰው የሚያስረክበው ግን ሲያምን ነው፣ ጎረቤቱ ደብቆ እሱ ብቻ ከሰጠ፣ ሌሊት በሩ ሲደበደብ ደውሎ ፖሊስ የማይመጣለት ከሆነ ምን በወጣው? እንደዛ ባለበት አዋጁ ወረቀት ነው፣ መሳሪያው ጓሮ ይቀበራል፣ የጥቁር ገበያው ዋጋ ይንራል።

እንደ ጠመንጃው ቢላም ይከልከል ሲባል ግን (በተለይ ለማስፈራሪያ ተብለው ከሚሰሩት ውጪ) ብዙም እምነት የለኝም፣ ኩሽና ሁሉ ውስጥ ያለን ነገር ማን ሰብስቦ ይጨርሰዋል።