መኪናው ከፍ ስላለ ብቻ ትልቅ ጎማ አይገባም

መኪናዬ ባለ 3.0 ሞተር ደብል ጋቢና ቶዮታ ቪጎ ፒካፕ ነው። የፊቱን ሞላና የኋላውን ባሌስትራ (ተደራራቢውን የብረት ሞላ) አስቀይሬ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አስደረግኩት። ከዚያ በኋላ ያየኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆነ፦ «ጎማውንስ መቼ ነው የምታሳድገው?» ረጅም መኪና በትንሽ ጎማ ሲቆም ለዓይን አይጥምም፤ እውነት ነው። ግን ጎማ የሚመረጠው መኪናው ቆሞ በሚታየው ክፍተት አይደለም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ሞላ ሲቀየር መኪናው ከፍ ብሎ ይቆማል። ጉድጓድ ገብቶ ሞላው እስከ መጨረሻው ሲታመቅ ግን ጎማው የሚደርስበት ቦታ ያው የድሮው ነው። ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ሽፋን) አልሰፋም፤ ሻንሲውም (መኪናው የቆመበት ዋናው ብረት) ከቦታው አልሄደም። በዚያ ላይ ሞላና ባሌስትራ መቀየር የኋላውን ዲፍረንሻል (በኋላ ጎማዎቹ መሐል ያለውን፣ ኃይል የሚያከፋፍላቸውን) ከመሬት አንዲት ሚሊ ሜትር አያነሳውም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ድንጋይ በበዛበት መንገድ ቀድሞ የሚመታው ደግሞ እሱ ነው። ትልቅ ጎማ የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

የመጣበት ጎማ 265/65 አር 17 ነው። 265 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራል። 17 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ተደምሮ የጎማው ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። 265/70 ወደ 803፣ 285/70 ደግሞ ወደ 831 ይሄዳል። ዲፍረንሻሉ የሚነሳው የልዩነቱን ግማሽ ነው፤ በመጀመሪያው 13፣ በሁለተኛው 27 ሚሊ ሜትር።

ልቤ 285ቱ ላይ ነበር። ከመግዛቴ በፊት ግን ከጓደኛዬ አንድ ጎማ ከነቸርኬው ተውሼ ሰፈር ያሉት ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። የፊት ግራ ላይ አሰርነውና ያንን ጎማ ብቻ ትልቅ ድንጋይ ላይ አወጣነው፤ ሞላው ይታመቅ ብለን። መሪውን ወደ ቀኝ ጨረስኩት፤ ምንም የለም። ወደ ግራ ማዞር ስጀምር ጎሚስታው ጋሼ ጎንበስ ብለው እያዩ «ቀስ በል ልጄ... በቃ፣ ነካ!» አሉኝ። የነካው እኔ የፈራሁት ፓራፋንጎ አይደለም። ከጎማው ኋላ ያለው፣ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚያርፍበት ብረት ነው። ሜዳ ላይ አውርደን ስንሞክረው ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። እባካችሁ ጎማ ስትሞክሩ ሜዳ ላይ ብቻ አትሞክሩ።

አንዳንዱ ያንን ብረት አስቆርጦ መልሶ ያስበይዳል። ጋቢናውን የተሸከመ ብረት ነውና እኔ አላስነካውም። ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ወፍራም ብረት) አስገባ ያሉኝም ነበሩ። ስፔሰር ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ሲታጠፍ የሚፈልገው ቦታ ይሰፋና አሁን ደግሞ ፓራፋንጎውን ያገኘዋል። ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታም ያስጨንቀዋል። ስለዚህ 265/70ን መረጥኩ።

በምርጫዬ ይበልጥ ያስደሰተኝ ጉልበቱ ነው። ጎማ ባደገ ቁጥር መኪና ጉልበት ያጣል። በ285ቱ 7 በመቶ ነው፤ በ265/70 ከ3 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ጭነት ይዞ አባይ በረሃ ለወረደ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ቁልቁል የሚወረደው። ሞተሩ በማርሽ የሚይዘው ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ፍሬኑ ደግሞ ይበልጥ ይለፋል። የፍጥነት ቆጣሪውም ይለወጣል፤ በፊት 100 ይል የነበረበት ፍጥነት አሁን 97 ገደማ ነው የሚለው። በስልክ ጂፒኤስ ማመሳከር ጥሩ ነው።

መርካቶ ስዞር አንዱ ነጋዴ «አዲስ ነው ወንድሜ፣ እየው ፀጉሩ እንኳን አልረገፈም» አለኝ። ያልተነዳ ጎማ ሁሉ አዲስ አይደለም። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ካለ፣ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ጎማ ላስቲኩ ይደርቃል። መንገዴ አስፋልትና ኮረኮንች ስለሆነ የጭቃውን ትቼ ኦል ቴሬን (ለሁለቱም መንገድ የሚሆነውን) ወሰድኩ፤ ድንጋይ እንዲችል ኤልቲ (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) የሚል ምልክት ያለበትን። የገዛሁት አምስት ነው። ስኮርታው (መጠባበቂያው) ትንሹ ጎማ ሆኖ ቢቀር፣ የኋላ ጎማ ፈንድቶ በተቀየረ ቀን ሁለቱ ጎማዎች እኩል ስለማይዞሩ ዲፍረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድም ያለ እረፍት ይሠራል። አዲሱ ስኮርታ በቦታው፣ ከጭነት ሳጥኑ ሥር መግባቱንም አስቀድሜ ለክቻለሁ።

የቀረው ንፋስ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ልክ ለድሮው ጎማ ነው፤ ኤልቲ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ትንሽ ጨመር ያለ ንፋስ ይፈልጋል። ድንጋይ እስኪሆን መንፋትም አይደለም። ጎማው ፊት ላይ ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ አስምሬ ቀጥ ባለ አስፋልት ትንሽ ነዳሁ። መሐሉ ብቻ ከጠፋ በዝቷል፤ ዳር ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። በባዶ መኪና እኩል የጠፋልኝ 36 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው) ላይ ነው። ጭነት ስይዝ የኋላዎቹን እጨምራለሁ፤ ሳራግፍ መልሼ አወርዳለሁ።