ከፍሙ እሳት ዳር ያስነሣኝ ጌታ

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። በወጣትነቴ ታስሬበት ከነበረው ሰውን የመፍራት እስራት እግዚአብሔር እንዴት እንደ ፈታኝ ለስሙ ክብር ልመሰክር እወዳለሁ።

16 ዓመት ሲሆነኝ ትምህርት ቤት ቀየርሁ። በአዲሱ ክፍል የማውቀው ሰው ስላልነበረ በእረፍት ሰዓት የት እንደምቆም እንኳ ይጠፋኝ ነበር፤ ብቻዬን በቆምሁ ቁጥር ሰው ሁሉ እኔን ብቻ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ ተንበርክኬ የምጸልየው አንድ ነገር ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ እንዲወዱኝ አድርግ» እል ነበር። ጓደኛ መመኘቴ ኃጢአት ነበር አልልም፤ «ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም» ያለው እግዚአብሔር ራሱ ነውና። የበደልሁት፣ የእርሱን መልስ መጠበቅ ትቼ መወደድን በሌላ ሰው ውርደት የገዛሁ ጊዜ ነው።

በክፍላችን የሚንተባተብ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን ለመምህሩ የመለሰውን መልስ፣ በክፍሉ የታወቁት ልጆች በተሰበሰቡበት፣ እንደ እርሱ እየተንተባተብሁ ደገምሁት። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመካከላቸው ቦታ አገኘሁ፤ በስሜ ይጠሩኝ፣ ስዘገይ ይጠብቁኝ፣ «እስቲ እርሱን ሁንልን» ይሉኝ ጀመር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ልቤን የሚወጋኝ፣ ያ ልጅ ከእኔ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ ወንድሜ መሆኑ ነው። እሑድ አጠገቡ ቆሜ እዘምር ነበር፤ ሰኞ ደግሞ ድምፁን ለሳቅ እሸጥ ነበር። የትናንቱ ሳቅ ለዛሬ ስለማይበቃም ከቀን ወደ ቀን ይበልጥ መክፋት ነበረብኝ። በመጨረሻም ድምፁን አስመስዬ እንድቀዳና የክፍሉ ልጆች ሁሉ በሚገኙበት የስልክ ግሩፕ ላይ እንድለቀው ጠየቁኝ፤ እኔም እሺ አልሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን አነበብን። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ከዚህ በፊት ልብ ያላልሁት ነገር ታየኝ። ደቀ መዝሙሩ ጴጥሮስ፣ ጌታ ኢየሱስ በተያዘባት በዚያች ሌሊት፣ በታጠቁ ሰዎች ፊት ሰይፉን መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ የማልኮስን ጆሮ የቆረጠ ሰው ነው፤ ያው ሰው ጥቂት ቆይቶ በአንዲት በር ጠባቂ ገረድ ጥያቄ ተሸንፎ ጌታውን ካደ። ብርድ ነበር፤ ሎሌዎቹም የፍም እሳት አንድደው ይሞቁ ነበር፤ እርሱም ከእነርሱ ጋር ቆሞ ይሞቅ ነበር። ሰይፍ ያላስፈራውን ሰው ከዚያ ሙቀት ዳር መባረር ያስፈራው መሰለኝ። እኔም የቆምሁት እዚያው ነበር። እጄን ወደ ፍሙ ዘርግቼ «አላውቀውም» እያልሁ ነበር፤ የካድሁትም ወንድሜን ብቻ ሳይሆን በመልኩ የፈጠረውን ጌታ ጭምር ነበር።

ያን ሌሊት የቀድሞውን ጸሎቴን መጸለይ አልቻልሁም። ብዙ አልቅሼ፣ መዝሙረኛው እንዳለው ለአፌ ጠባቂ እንዲያኖርልኝ ለመንሁት። ቀጥሎም ፈርቼ የማላውቀውን ጸሎት ጸለይሁ፤ «ጌታ ሆይ፣ ባይወዱኝም እንኳ የማልፈራበትን ልብ ስጠኝ» አልሁ።

በማግሥቱ ልጆቹ ቅጂውን ሲጠይቁኝ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ «አላደርገውም፤ እስከ ዛሬ ያደረግሁትም በደል ነው» አልኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ግን ሳቁ ወደ እኔ ዞረ፤ «ፓስተሩ» የሚል ስምም ወጣልኝ። የእግዚአብሔር መልስ ወዲያው በደስታ መጣ ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። ከዚያ በኋላ ለ3 ወራት ያህል የእረፍቱን ሰዓት ብቻዬን አሳለፍሁ፤ ተመልሼ ልቀላቀላቸው የፈለግሁባቸው ቀናትም ነበሩ። በእነዚያ ቀናት ያቆመኝ የዚያው ወንጌል ምዕራፍ 21 ነው። ከሞት የተነሣው ጌታ በባሕሩ ዳር ራሱ ፍም አዘጋጅቶ፣ ዓሣና እንጀራ አቅርቦ፣ ሦስት ጊዜ የካደውን ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀው። ለእኔም በዚህኛው ፍም ዳር ቦታ እንዳለኝ አመንሁ።

ወደ ልጁ ሄጄ ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። የምናገረውን በዝምታ ሰማኝ። ከዚያ መናገር ጀመረ፤ ቃሉ በያዘው ቁጥር ልሞላለት እየቃጣኝ አፌን ዘግቼ እስኪጨርስ ጠበቅሁት። የሳቃችሁብኝን ሁሉ እሰማ ነበር አለኝ። ይቅር ማለቱንም ነገረኝ። ቀጥሎ ግን፣ «የሳቅህብኝ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት በለው» አለኝ።

በማግሥቱ መምህራችንን አስፈቅጄ በክፍሉ ፊት ቆምሁ። ያደረግሁትን አንድም ሳልሸፍን ተናገርሁ፤ ወንድሜንም በስሙ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ያጨበጨበ ማንም አልነበረም፤ ከኋላ የሳቁም ነበሩ። ወደ መቀመጫዬ ስመለስ ግን ሆዴን ጨምድዶ ይይዘኝ የነበረውን ያንን ፍርሃት ፈልጌ አጣሁት።