የዕቃ ቤቱ ቁልፍ

ዛሬ ደሴ፣ የሰፈራችን ዕድር አዲስ ኮሚቴ መረጠ። ጡረታ የወጣች ጎረቤታችን ብዙ ድምፅ አግኝታ ገባች። አጨበጨብን። ወዲያው ዳኛው ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው፣ «እንግዲህ እኅታችን ዕቃ ቤቱን ትረከቢናለሽ» አሏት። ድስቱን፣ ሰሃኑን፣ ድንኳኑን ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት የሒሳብ መዝገብ የያዝሁ ሰው ነኝ» አለች፤ ቁልፉንም ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ገመዱ በድስት ጥላሸት የጠቆረ አሮጌ ቁልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም፤ ሁላችንም ግን ሰረቅ እያደረግን እናየዋለን።

እኔ ሸርሊ ቺዝምን አስታወስኋት። መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር የኖረች የብሩክሊን ሴት ናት፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ምክር ቤት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት። ገና ስትገባ የመደቧት የት መሰላችሁ? ግብርና ኮሚቴ። ሕንፃ ከሕንፃ ከተደገፈበት ሰፈር ለመጣች ሴት! አዲስ ገቢ ዝም ይላል በሚባልበት ቤት ተነሥታ ተቃወመች፤ ወደ ጡረተኛ ወታደሮች ጉዳይ ተዛወረች። በኋላም የምትፈልገው የትምህርትና የሥራ ኮሚቴ ውስጥ ገባች። በ1972 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረች። የምረጡኝ መፈክሯ «በገንዘብ ያልተገዛች፣ አለቃ የሌላት» የሚል ነበር። (በእኛ ዕድር እንዲህ ብሎ የሚወዳደር ቢመጣ መጀመሪያ እናስታርቀው ነበር።)

የሒሳቡን ነገር «ለሚቀጥለው እንየው» ብለው ዘጉት። የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ተነሣን። ቁልፉ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር።