ኮርኒስ ላድስ ብዬ ከግድግዳ ጋር ገጠምኩ

አቃቂ ያለው የአባቴ ቤት የሸክላ ጡብ ነው። የሳሎኑ ኮርኒስ ቀለም የተቀባ ማዳበሪያ ነበር። መሃሉ ረግቦ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር አዲስ ቡናማ ክብ ይጨምራል። በጥቅምት "በቃ፣ ችፑድ አስመታለሁ" አልኩ። ሳምንት ይበቃኛል ብዬ ነበር። አራት ወር ፈጀ።

ማዳበሪያውን ከመቅደዴ በፊት ቆጣሪው ላይ መብራቱን አጠፋሁ። እሰየው! አይጥ የላጠችው ሽቦ ሞራሌው ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ከኮሮና የተረፈ ማስክም ነበረኝ። የዚያን አቧራ ነገር አታንሱብኝ።

ከኮርኒሱ በላይ ያለው ግድግዳ አልተለሰነም። የማይታየውን ማን ይለስናል? ጡቡ ላይ ነጭ ዱቄት ወጥቷል። ቀመስኩት (ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ)፣ ጨው ነው። በጡቦቹ መሃል ያለው ኖራ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ጥጉ ላይ ደግሞ ስንጥቅ እንደ ደረጃ እየታጠፈ ይወርዳል።

ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አሉ። ጠራኋቸው። ግድግዳውን ሳያዩ ወደ ውጭ ወሰዱኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በሲሚንቶ ያስሞላሁትን ቦታ አሳዩኝ። ሲሚንቶው አለት ሆኖ ቆሟል። በዙሪያው ያለው ጡብ ግን ፊቱ እየተላጠ ይወድቃል።

"ጋሼ፣ ሲሚንቶ ጠንካራ አይደል እንዴ?"

"ጥፋቱ እሱ ነዋ፣ ልጄ። መሃሉ ያለው ከጡቡ መድከም አለበት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡብ ውሃ ይጠጣል። የጠጣው በኖራው በኩል ተንኖ ይወጣል። ኖራውን አውጥተህ ሲሚንቶ ስትሞላበት ውሃው መውጫ ያጣል፣ በራሱ በጡቡ በኩል ይወጣል። ይዞት የመጣው ጨው ከጡቡ ፊት ሥር ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያብጣል፣ ፊቱን ገፍቶ ይጥለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ከፍዬ ግድግዳዬን ሳስበላ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ኖራ ከመግዛታችን በፊት ጣሪያ ላይ ወጣን። የላሉ ሚስማሮችን ቀየርን፣ የተበሳችውን አሸንዳ አስበየድን። የስንጥቁም ምክንያት እዚያው ተገኘ። የአቃቂ አፈር ዋልካ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አሸንዳው ደግሞ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ ያንን ጥግ ሥር ይደፋዋል። በቱቦ ሦስት ሜትር ያህል አራቅነው። ከዚያ ስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት በጀሶ ለጠፍን። ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። ሁለት ወር ጠበቅን፣ አልተሰበረም። ክረምት ሳያልፍ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን ኮርኒስ በሌለው ሳሎን ከዚያ በላይ ቆይ ብላት ሚስቴ እኔን ትሰብረኝ ነበር። ስንጥቁን የሚሻገሩ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ (ቀጭን ብረት) ቁርጥራጮች በጡቦቹ መሃል ቀበርን። ሲሚንቶ የነካነው እዚያ ብቻ ነው።

የቀረው ትዕግስት ነው። የላላውን ኖራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በመሮ ማውጣት፣ በብሩሽ መጥረግ፣ ጡቡን ማርጠብ። ደረቅ ጡብ የሞላህበትን ኖራ ውሃውን መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል። መጀመሪያ ቀን ሳላርጥብ የሞላሁት በማግስቱ ረገፈ፣ ጋሼም ስቀው ዝም አሉ። ኖራውን በርሜል ውስጥ ሳምንት አቆየነው፣ ከዚያ አንድ ለሦስት ከተነፋ አሸዋ ጋር። የተበሉትን ጡቦች ከፈረሰ ቤት በወጣ ጡብ ተካን፣ አዲሱ መጠኑ አይገጥምም። ኖራ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ፣ ከአየር ጋር ነው፤ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። እርጥብ ጨርቅ መጋረድ አለበት። ያንን የተቀደደ ኮርኒስ አጥበን፣ አርጥበን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ሳልጥለው መቅረቴ!

ችፑዱ የተመታው በየካቲት ነው። አናጢው ጥጉ ላይ የሚከፈት አንድ ክፍል እንዲተውልኝ ነገርኩት። "ያስጠላል" ብሎ ተከራከረኝ፣ አልሰማሁትም። በነሐሴ፣ ከአንድ ሌሊት ዶፍ በኋላ፣ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ጡቡን ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። መስታወቱም እንዳለ አለ። አይጧ ግን ተመልሳለች።